ጣሪያ ከማፍረሳችን በፊት፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

የመኸሩ እህል ተወቅቶ ከገባ በኋላ የወሎ ቤት ባለቤት ፊቱን ወደ ጣሪያው ያዞራል። በዚህ ሰሞን የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ቆርቆሮ፣ ስለ ምስማርና ስለ እንጨት ናቸው። ተመሳሳዮቹን አጣምረን፣ ረጃጅሞቹን አሳጥረን እነሆ መልሳቸው።

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ የማከራየው ሰርቪስ ቤት አለኝ። ቆርቆሮው ስላረጀ ሁለት አናጢዎች አስጠርቼ አሳየሁ። አንዱ “ካፕሪያታው ደህና ነው፣ ሞራሌው ግን ይቀየር” አለኝ። ሌላው ደግሞ “ወራጁም አብቅቶለታል፣ ፋሻና አሸንዳ ትገዣለሽ፣ ኮልሞውን እኔ አሠራልሻለሁ” አለኝ። ዋጋቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የሚሉትን ሳላውቅ እንዴት ላወዳድራቸው?»

መልስ፦ ሁለቱ ሰዎች የተለያየ ሥራ ስለጠሩልዎ ነው ዋጋው የተራራቀው። አንደኛው ልብሱን ሊቀይር ነው፤ ሁለተኛው አጥንቱንም ጭምር። የትኛው እንደሚያስፈልግ ለመለየት ጣሪያውን ከግድግዳው ጀምረን ወደ ላይ እንውጣ።

ግድግዳው ጫፍ ላይ በብሎኬት ቤት ቢም (የአርማታ ማሰሪያ)፣ በጭቃ ቤት ደግሞ ቋሚዎቹን አንድ ላይ የሚይዝ አግዳሚ እንጨት አለ። ጣሪያው የሚያርፈውም የሚታሰረውም እዚህ ላይ ነው። በላዩ የሚቆመው ባለ ሦስት ማዕዘን የእንጨት ወይም የብረት አካል ካፕሪያታ ይባላል፤ ትራስ የሚሉትም አሉ። ሁለቱ ተዳፋት እንጨቶች ወራጅ ናቸው። ከታች እግራቸውን የሚያያይዘው አግዳሚ ሲሆን፣ በመሀል የሚገቡት ደግሞ ድጋፎች ናቸው። ታችኛው አግዳሚ ኮርኒስ መስቀያ ብቻ ይመስላል። ዋና ሥራው ግን ወራጆቹ በጭነት ተከፍተው ግድግዳውን ወደ ውጭ እንዳይገፉ መያዝ ነው። ክፍሉ ከፍ እንዲል ብለው ይህን አግዳሚ የሚቆርጡ ሰዎች ከጥቂት ክረምት በኋላ ግድግዳው ጥግ ላይ ሲሰነጠቅ ያያሉ። አናጢዎ እንዲህ ያለ ሐሳብ ካቀረበ አይቀበሉት። ካፕሪያታዎቹ እርስ በርስ ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር ቢራራቁ ለእንጨት ጣሪያ ደህና ነው።

ከወራጅ ወደ ወራጅ በአግድም የሚሄደው የጣሪያ ማገር ነው። ቆርቆሮው የሚመታው በእሱ ላይ ነው። ሞራሌ የሚባለው ለዚህ የሚውለው በመጋዝ የተሰነጠቀ እንጨት ሲሆን ልኩ ብዙውን ጊዜ 5 በ7 ሳ.ሜ ነው። ሞራሌ በ7ቱ ጎኑ ቁመቱን ይዞ መቆም አለበት። በጎኑ ተኝቶ ከተመታ ያው እንጨት ሰው ሲረግጠው ይጎብጣል። በማገርና በማገር መካከል ያለው ርቀት ለቀጭን ቆርቆሮ ከ90 ሳ.ሜ ባይበልጥ ይመረጣል።

የቆርቆሮው ሞገድ ከፍ ያለው ጀርባ፣ ዝቅ ያለው ሸለቆ ነው። አንዱ ቆርቆሮ በሌላው ላይ የሚወጣበት ልክ ድራብ ይባላል፤ የጎን ድራብና የጫፍ ድራብ አለ። ሁለቱ ተዳፋቶች አናት ላይ ሲገናኙ ክፍተቱን የሚሸፍነው ኮልሞ ነው። ኮልሞ በሁለቱም በኩል ቢያንስ 20 ሳ.ሜ መውረድ ይኖርበታል። አናት ላይ ነፋስ ዝናቡን ወደ ላይ ስለሚነዳው አጭር ኮልሞ ውሃ ያስገባል። ጠንቃቃ አናጢ ኮልሞውን ከመምታቱ በፊት የቆርቆሮውን ሸለቆዎች ላይኛ ጫፍ በፒንሳ ትንሽ ወደ ላይ ይቀለብሳቸዋል። ይህቺ ሥራ በአንድ ሸለቆ ሰከንዶች ብትወስድ ነው፤ ግን የተነዳውን ውሃ ትመልሳለች።

ታዛው ጫፍ ላይ የወራጆቹን አፍ የሚሸፍነው ጣውላ ፋሻ ነው። አሸንዳው ፋሻው ላይ ይታሰራል፤ ስለዚህ ፋሻው ከበሰበሰ አዲስ አሸንዳ መግዛት ከንቱ ነው። ጣሪያው ከፍ ካለ ግድግዳ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ደግሞ ፍላሽንግ ይገባል። ፍላሽንግ ከላሜራ የሚታጠፍ ሽፋን ሲሆን፣ ግድግዳው ላይ 15 ሳ.ሜ ያህል ወጥቶ ጫፉ 2 ወይም 3 ሳ.ሜ በተቦረቦረ መስመር ውስጥ ገብቶ በሲሚንቶ ይደፈናል። ግድግዳው ላይ ተለጥፎ በቀለም ብቻ የተዘጋ ፍላሽንግ ግን ከአንድ ክረምት አያልፍም።

አሁን ወደ እርስዎ ቤት እንመለስ። አጥንቱ ደህና መሆኑን ራስዎ መመርመር ይችላሉ። በኮርኒሱ ቀዳዳ ወጥተው ወራጆቹ ከግድግዳ ጋር በሚገናኙበትና ከኮልሞ ሥር ባለው ቦታ እንጨቱን በምስማር ጫፍ ይውጉት። ደህና እንጨት ምስማሩን ይመልሰዋል፤ የበሰበሰ ወይም ምስጥ የበላው ግን 1 ሳ.ሜ ያህል ያስገባዋል። ቀጥሎ አናቱ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጥረው ይዩ። ኮልሞው መሀል ላይ ከሲባጎው በግልጽ ወርዶ ከታየ ካፕሪያታው ጎብጧልና ሁለተኛው አናጢ እውነቱን ነው። ሲባጎው ከተስተካከለና እንጨቱ ከጠነከረ የመጀመሪያውን ይያዙ። በሁለቱም ሁኔታ የዋጋ ወረቀቱ ላይ የሚከተሉት በቁጥር ይጻፉልዎ፦ የቆርቆሮው ጌጅ (የውፍረት ቁጥሩ) እና ብዛት፣ የማገሩ ልክና ርቀት፣ የጎንና የጫፍ ድራቡ፣ የኮልሞው ስፋት፣ የምስማሩ ዓይነት፣ አሮጌውን አውርዶ የሚያነሳው ማን እንደሆነ። «ቤቱን በቆርቆሮ ማልበስ» ብቻ የሚል ወረቀት ላይ አይፈርሙ።

ጥያቄ፦ «ሐይቅ ነው የምኖረው። ሱቅ ውስጥ 28፣ 30፣ 32፣ 35 ጌጅ ይሉኛል። ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን የተሻለ መስሎኝ 35 ልገዛ ነበር። ልክ ነኝ?»

መልስ፦ አይደሉም፤ ሳይገዙ መጠየቅዎ ጠቀመዎት። በጌጅ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። 28 ጌጅ ወደ 0.4 ሚ.ሜ፣ 30 ወደ 0.3፣ 32 ወደ 0.25፣ 35 ደግሞ ወደ 0.2 ሚ.ሜ ውፍረት አለው። ለመኖሪያ ቤት 30ን እንመክራለን፤ አቅም ካለ 28። 32 ማገሩ ተጠጋግቶ ከተመታ ለማድ ቤትና ለከብት ቤት ይሆናል። 35 ግን ለጊዜያዊ አጥር ካልሆነ ለጣሪያ አይገዛ። አናጢው ሲረግጠው ይጎደጉዳል፤ በጎደጎደው ቦታ ውሃ ይተኛል፤ በረዶም ይወቅጠዋል፤ ምስማሩ የሚይዘው ብረት ስለሌለም በነፋስ ጊዜ ቆርቆሮው በምስማሩ ራስ ተበስቶ ይላቀቃል።

ሱቁ የሚነግርዎትን ጌጅ ማረጋገጥ ይቻላል። ርዝመትና ስፋታቸው እኩል የሆኑ ከየዓይነቱ 10፣ 10 ቆርቆሮ ሚዛን ላይ ያውጡ። ክብደቱ ከውፍረቱ ጋር እኩል ስለሚሄድ 0.3 ሚሊው ከ0.2 ሚሊው አንድ ተኩል ጊዜ መክበድ አለበት። 30 ጌጅ ተብሎ የቀረበልዎ ክብደቱ ከ35ቱ ጋር ተቀራራቢ ከሆነ ጌጁ የተነገረዎት አይደለም። አንዱን ብቻ በእጅ አንስቶ መገመት አያዋጣም፤ ልዩነቱ የሚጎላው በ10 ሲሆን ነው።

ኢጋ የሚባለው ባለ ቀለም ቆርቆሮ ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ነው የሚነገረው። ርዝመቱ በልክ ተቆርጦ ስለሚመጣ የጫፍ ድራብ አይኖረውም፤ ትልቁ ጥቅሙም እሱ ነው። ባለ ጎማ ብሎን በድሪል ይጠብቅበታል እንጂ በምስማር አይመታም። ሲቆረጥ ደግሞ በቆርቆሮ መቀስ ይሁን። በግራይንደር ሲቆረጥ የሚረጨው ፍም ቀለሙንና ከሥሩ ያለውን ዚንክ ያቃጥላል፤ በሳምንታት ውስጥም ነጥብ ነጥብ እያለ ይዝጋል። ብራችሁ ከተመጠነ ቀለሙን ትታችሁ ውፍረቱን ግዙ።

ጥያቄ፦ «ኮምቦልቻ 8 በ6 ሜትር የሆነ ቤት አለኝ። አናጢው 60 ቆርቆሮ ግዛ ብሎኛል። በዝቶ ታየኝ። እንዴት ነው የሚቆጠረው?»

መልስ፦ እርሳስ ይያዙ፤ አብረን እንቁጠር። ቆርቆሮዎ 2 ሜትር በ80 ሳ.ሜ ነው ብለን እንነሳ፤ የገዙት ስፋቱ ሌላ ከሆነ ቁጥሩን ቀይሩት። ጣሪያው ሁለት ተዳፋት ያለው፣ ኮልሞው በ8 ሜትሩ አቅጣጫ የሚሄድ ይሁን።

መጀመሪያ የተዳፋቱ ርዝመት። የቤቱ ስፋት ግማሽ 3 ሜትር ነው፤ የታዛው መውጫ 50 ሳ.ሜ ሲጨመር 3.5 ሜትር ይሆናል። ተዳፋቱ በሜትር 36 ሳ.ሜ የሚነሳ ከሆነ፣ ማለትም 20 ዲግሪ ገደማ፣ የወራጁ ርዝመት 3.72 ሜትር ነው። ቆርቆሮው ወደ አሸንዳ እንዲጥል 5 ሳ.ሜ ይጨመርና 3.77 ይሆናል። ሁለት ቆርቆሮ በ20 ሳ.ሜ የጫፍ ድራብ 3.80 ሜትር ይሸፍናል። ልክ ይገባል ማለት ነው። አናጢው ታዛውን 70 ሳ.ሜ ላውጣው ቢልዎ ግን ተዳፋቱ ወደ 4 ሜትር ይጠጋል፤ ሁለት ቆርቆሮ አይደርስምና ከላይ እስከ ታች ተጨማሪ ቁራጭ መግባት አለበት። የታዛ ልክ ከቆርቆሮ ርዝመት ጋር ተሰልቶ የሚወሰነው ለዚህ ነው። ግድግዳዎ ያልተለሰነ ጭቃ ከሆነ ሰፊ ታዛ ያስፈልገዋል፤ ለእርሱ ሲባል ተጨማሪው ወጪ ይወጣል። ለተለሰነ ብሎኬት ግን 50 ይበቃል።

ቀጥሎ ስፋቱ። የጎን ድራቡ አንድ ተኩል ሞገድ ሲሆን 12 ሳ.ሜ ገደማ ይበላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቆርቆሮ 80 ሳ.ሜ፣ ከእሱ በኋላ ያለው እያንዳንዱ 68 ሳ.ሜ ይሸፍናል። የቤቱ ርዝመት 8 ሜትር ነው፤ በሁለቱም ጫፍ 50፣ 50 ሳ.ሜ ሲወጣ 9 ሜትር ይሆናል። 13 ቆርቆሮ 8.96 ሜትር ይሸፍናል። ለ4 ሳንቲ ሜትር ብሎ 14ኛ ረድፍ ከመጨመር የጫፉን መውጫ 48 ማድረግ ይሻላል። 13 ረድፍ በ2 ቆርቆሮ፣ በ2 ተዳፋት 52 ነው። ለብልሽት 2 ጨምረው 54 ይግዙ። አናጢዎ 60 ያለው 14 ረድፍ ቆጥሮ ጥቂት መጠባበቂያ ስላከለ ይሆናል፤ ክፉ ሐሳብ ነው ብለው አይውሰዱት፤ ስሌቱን አብረው ይሥሩት።

ማገሩ በአንድ ተዳፋት 5 መስመር ይሆናል፤ አንዱ የግድ የጫፍ ድራቡ ሥር መዋል አለበት። 10 መስመር በ9 ሜትር 90 ሜትር ነው። መቀጠያው ታክሎበት የ4 ሜትር ሞራሌ 24 ይፈጃል፤ 26 ይያዙ። መቀጠያው ሁልጊዜ ወራጅ ላይ ይዋል፤ በሁለት ወራጆች መካከል አየር ላይ የተቀጠለ ሞራሌ ይሰበራል። ካፕሪያታዎቹን በ1.33 ሜትር ርቀት ካቆሟቸው 7 ይበቃሉ። የ2 ሜትር ኮልሞ 5፣ ባለ ጎማ ምስማር ደግሞ 550 ገደማ ያስፈልጋል። ምስማሩ በታዛው፣ በድራቡና በአናቱ መስመር ለአንድ ቆርቆሮ 5፣ በመሀሎቹ መስመሮች 3 እየተባለ የተቆጠረ ነው።

አንድ ነገር ሳንጨምር አናልፍም። ይህ ጣሪያ ከላይ ሲታይ 63 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። 1 ሚ.ሜ ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነውና፣ 20 ሚ.ሜ የሚጥል አንድ ዶፍ 1,250 ሊትር ያህል ውሃ ወደ ግቢዎ ያወርዳል። አሸንዳው በየ2 ሜትሩ 1 ሳ.ሜ እየወረደ፣ ማቀፊያዎቹም ከ90 ሳ.ሜ ሳይርቁ ቢታሰር በየተዳፋቱ ባለ 8 ሳ.ሜ ቱቦ ውሃውን ይችለዋል። ቱቦው ሮቶ ውስጥ ቢገባ የልብስ ማጠቢያ ይሆናል፤ መሠረት ሥር ከተለቀቀ ግን ቤቱን ይሸረሽረዋል።

ጥያቄ፦ «ከወልዲያ ነው የምጽፈው። ቆርቆሮው ከተመታ ገና ሦስት ዓመቱ ነው፤ ግን ያፈሳል። በየክረምቱ ካትራም እንቀባለን፤ ቦታውን እየቀየረ ያፈሳል። ባለፈው ደግሞ ነፋስ አንዱን ጥግ ገነጠለው። ሙሉ በሙሉ ይቀየር?»

መልስ፦ አብሽሩ፤ በሦስት ዓመት ቆርቆሮው ራሱ አያልቅም። የሚያፈሰው አመታቱ ነው። በዚህ ዕድሜ ውሃ የሚገባባቸው ቦታዎች ሦስት ናቸው፤ በየተራ ይፈትሿቸው።

የመጀመሪያው ምስማሩ ነው። ምስማር የሚመታው በሞገዱ ጀርባ ላይ ነው። ውሃ የሚሄደው በሸለቆው ስለሆነ ሸለቆ ላይ የተመታ ምስማር በእያንዳንዱ ዝናብ ወንዝ ውስጥ ይቆማል። ጀርባ ላይ የተመታውም ቢሆን ጎማው ምን እንደሚመስል ይዩ። በልኩ የተመታ ምስማር ጎማው ተጨምቆ በኮፍያው ዙሪያ በቀጭኑ ብቅ ይላል። ከመጠን በላይ የተደበደበው ደግሞ ጀርባውን አጎድጉዶ እንደ ስኒ ያደርገዋል፤ ውሃው እዚያ ተጠራቅሞ ቀስ ብሎ ይገባል። ሳይጠብቅ የቀረው ምስማር ቆርቆሮው በቀን ፀሐይ ሲለጠጥ፣ በሌሊት ብርድ ሲሰበሰብ ከእንጨቱ እየወጣ ይሄዳል። በእርጥብ ባህር ዛፍ ላይ የተመታም እንዲሁ ነው፤ እንጨቱ ሲደርቅ ጉድጓዱ ይሰፋል። የወጣውን ምስማር በመዶሻ መልሶ መምታት ለሁለት ወር ይሆናል። ይነቀልና በዚያው ቀዳዳ ሰፊ ጎማ ያለው ወፍራም ብሎን ይግባበት። የምስማሩ ርዝመት ከ6.5 ሳ.ሜ ያላነሰ ይሁን፤ 2 ሳ.ሜ ያህሉ በሞገዱ ከፍታ ያልቃልና እንጨት ውስጥ የሚገባው 4 ሳ.ሜ ገደማ ነው።

ሁለተኛው ድራቡ ነው። ቆርቆሮ ለመቆጠብ የጎን ድራቡ አንድ ሞገድ ብቻ ሆኖ ከተመታ ሁለቱ ብረቶች በተጠጋጉበት ስስ ክፍተት ውሃ ወደ ላይ ይሳባል። አቅጣጫውም ወሳኝ ነው። ነፋስ የሚበዛው ከምሥራቅ ከሆነ ቆርቆሮ መምታት የሚጀመረው ከምዕራቡ ጫፍ ነው፤ ያኔ የድራቡ አፍ ለነፋሱ ጀርባውን ይሰጣል። ተገላቢጦሽ የተመታ ጣሪያ ላይ ነፋሱ ዝናቡን ወደ ድራቡ ውስጥ ይነዳዋል። ተዳፋቱን ደግሞ ይለኩ፦ ውሃ ልክ ይዘው 1 ሜትር ወደ ፊት ሲሄዱ ጣሪያው ስንት ሳ.ሜ ይነሳል? ከ27 ሳ.ሜ፣ ማለትም ከ15 ዲግሪ ካነሰ የ15 ሳ.ሜ የጫፍ ድራብ አይበቃም፤ ከ20 ሳ.ሜ በላይ መሆን አለበት።

ሦስተኛው ሁለት ተዳፋቶች ወደ ውስጥ የሚገናኙበት ሸለቆ ነው፤ ኤል ቅርጽ ያለው ቤት ካለዎት። እዚያ ሥር የሚነጠፈው ላሜራ ከ40 ሳ.ሜ መጥበብ የለበትም፤ ቆርቆሮዎቹም ከሁለቱም በኩል 10 ሳ.ሜ ገብተው ይሸፍኑት።

ካትራሙን ይተዉት። ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውሃ ከሥሩ ታፍኖ ይቀርና ቆርቆሮውን ማንም በማያየው ቦታ ይበላዋል። ፍሳሹ ቦታ የሚቀይር የሚመስለውም ውሃው በማገሩ ላይ እየሄደ ራቅ ብሎ ስለሚንጠባጠብ ነው። በዝናብ ጊዜ ከኮርኒስ በላይ ወጥተው በባትሪ ይከተሉት፤ ምንጩ ሁልጊዜ ከሚያንጠባጥብበት ቦታ ወደ ላይ በኩል ነው።

የተገነጠለውን ጥግ በተመለከተ፣ ነፋስ ጣሪያን ከሥር ወደ ላይ ያነሳዋል፤ የሚጠነክረውም ጥግና ታዛ ላይ ነው። እዚያ በየሁለተኛው ጀርባ ምስማር ይመታ። ከሁሉም በላይ ካፕሪያታው ከግድግዳው ጋር በምን እንደታሰረ ይዩ። ሁለት ምስማር ብቻ ከሆነ አልታሰረም ማለት ነው። ከቢሙ ውስጥ የወጣ ባለ 6 ሚ.ሜ ቶንዲኖ (የአርማታ ብረት) ወራጁን አቅፎ ይጠምዘዝበት፤ በጭቃ ቤትም ወራጁ ከቋሚው ጋር በወፍራም የማይዝግ ሽቦ ሁለት ዙር ይታሰር።

ጥያቄ፦ «ኩታበር ነን። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ጠብ የሚል ዝናብ በሌለበት፣ ንጋት ላይ ጣሪያው ያንጠባጥባል። አናጢው ቀዳዳ ፈልጎ አጣ።»

መልስ፦ ቀዳዳ የለም። በውርጭ ሌሊት ቆርቆሮው ከቤቱ አየር ይልቅ በጣም ይቀዘቅዛል። ከእስትንፋስ፣ ከድስትና ከእርጥብ ልብስ የሚወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛው ብረት ሥር ወደ ውሃ ይለወጣል፤ ንጋት ላይ ሙቀት ሲነካው ይወርዳል። መፍትሔው አየር ማስተላለፍ ነው፦ በሁለቱ የቤቱ ጫፎች፣ ከኮልሞው ዝቅ ብሎ፣ 30 በ30 ሳ.ሜ የሆነ መተንፈሻ ይከፈትና በወንፊት ሽቦ ይሸፈን። ኮርኒስ ካለ በታዛው በኩልም አየር የሚገባበት ክፍተት ይተውለት። የማድ ቤቱ ጭስ ወደዚያው የሚገባ ከሆነ ችግሩ እጥፍ ነው፤ ጥላሸትና እርጥበት ተደምረው ቆርቆሮውን ከውስጥ ያዝጉታል። ለጭሱ የራሱ መውጫ ይበጅለት።

ጥያቄ፦ «አሰላሙ አለይኩም። ከሚሴ ነው። ምስጥ ጣሪያችንን ጨረሰው። በባህር ዛፍ ልንተካው ነው፤ ስንት ጊዜ ይቆያል?»

መልስ፦ ወአለይኩሙ ሰላም። የሚወስነው አዘገጃጀታችሁ ነው። አጣናው ልጡ ተልጦ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በጥላ ሥር ሁለት ወይም ሦስት ወር ይድረቅ። ልጡ ከነበረ ነቀዝና እርጥበት ሥሩ ይቀራሉ፤ በፀሐይ በፍጥነት ከደረቀም ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ለወራጅ ውፍረቱ ከ8 እስከ 10 ሳ.ሜ ይሁን። ምስጥ ጣሪያ ላይ በአየር አይደርስም፤ ከመሬት ተነስቶ በቋሚው ወይም በግድግዳው ላይ የጭቃ መንገዱን እየሠራ ነው የሚወጣው። ስለዚህ አዲሱን እንጨት ከመስቀላችሁ በፊት መንገዱን ዝጉ፦ ቋሚዎቹ በቀጥታ አፈር ውስጥ ከሆኑ በድንጋይና በሲሚንቶ እግር ላይ ይቀመጡ፣ የጭቃ መንገዶቹ በየወሩ ይፈለጉና ይፍረሱ። የምስጥ መድኃኒት ከተቀባ የተቆረጡት ጫፎች በደንብ ይጥገቡ፤ ቀቢው ጓንትና አፍንጫ መሸፈኛ ያድርግ። የተቃጠለ ዘይት ብዙ ሰው ይቀባል፤ ለጊዜው ያርቃል፤ ግን እሳት ይወዳልና ማድ ቤት በላይ አይቀባ። አቅም ከፈቀደ ካፕሪያታውን በአር ኤች ኤስ (ውስጡ ክፍት በሆነ ባለ አራት ማዕዘን) ብረት መሥራት ለእናንተ አካባቢ ከሁሉ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ «ወረኢሉ። አሮጌውን ሳናነሳ አዲሱን በላዩ ብንመታስ? ደግሞስ መቼ ብንጀምር ይሻላል?»

መልስ፦ በላዩ አትምቱ። የበሰበሰውን ማገር ሳታዩት ይሸፈናል፤ ምስማሩ የሚይዘው ጤነኛ እንጨት ያጣል፤ በሁለቱ መካከል የሚታፈነው እርጥበትም አዲሱን ከሥሩ ያዝገዋል። አሮጌው ተነስቶ ደህና ደህናው ለአጥር ይዋል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ወሎ በልግ ያለው አገር ነው፤ ከየካቲት ጀምሮ ሰማዩ አይታመንም። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ጊዜ ይመረጣል። ቆርቆሮውን ቀድማችሁ ከገዛችሁ ግቢ ውስጥ መሬት ላይ ደርድራችሁ አትተዉት። በቆርቆሮዎቹ መካከል የገባ ጤዛ ዚንኩን ወደ ነጭ ዱቄት ይለውጠዋል፤ ያ ቆርቆሮ ሳይመታ ዕድሜው አጥሯል። ከጣሪያ ሥር፣ እንጨት ላይ፣ አንድ ጫፉ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ሲፈርስ መጀመሪያ ኮልሞው ይነሳል፣ ከዚያ ቆርቆሮው በተመታበት ተቃራኒ ቅደም ተከተል። ላይ የሚወጣው ሰው የምስማር መስመሩን ብቻ ይርገጥ፤ ሥሩ ማገር ያለው እዚያ ነው። በአንድ ቀን መልሳችሁ ማልበስ የምትችሉትን ያህል ብቻ ግለጡ፤ ሸራም ዝግጁ ይሁን። ሥራው ሲያልቅ አናጢውን ከመሸኘታችሁ በፊት የተቆረጡ የቆርቆሮ ፍንጣሪዎችና የወደቁ ምስማሮች ከጣሪያው ላይ በመጥረጊያ ይጠረጉ፤ የቀሩት በመጀመሪያው ዝናብ ዝገው አዲሱን ቆርቆሮ ያዥጎረጉሩታል።